ስለ ሁመር ዛፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት ከኮምጣጣ ፍሬው የተዘጋጀ አንድ ብርጭቆ የቀዘቀዘ ሁመር ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለ ዛፉ ግን ብዙ ጥያቄ ይነሳል፤ መልሱም በግምትና በወሬ የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የቀረቡት በድሬዳዋና በሐረር ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ሁመር፣ ሮቃና ተምር ሂንዲ የሚባሉት አንድ ዛፍ ናቸው?

አዎን፣ አንድ ናቸው። በድሬዳዋና በሐረር ገበያ የተለመደው ስም ሁመር ሲሆን፣ በአፋን ኦሮሞ ሮቃ፣ በሶማሊኛ ደግሞ ረቃይ ወይም ሐመር ይባላል። ተምር ሂንዲ በአረብኛ «የህንድ ተምር» ማለት ነው፤ አውሮፓውያን ታማሪንድ የሚሉትም ከዚሁ ከአረብኛው ወስደው ነው። ይሁን እንጂ ዛፉ ከተምር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ዘመዶቹ ባቄላ፣ አተርና ግራር ናቸው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ታማሪንደስ ኢንዲካ የሚል ሳይንሳዊ ስም የሰጠው ሲሆን፣ ታማሪንደስ በሚለው የወገን ስም የሚጠራ ሌላ ዝርያ እስከ ዛሬ የለም።

ታዲያ ዛፉ ከህንድ የመጣ ነው?

አይደለም። ስሙ የህንድ ቢሆንም የትውልድ አገሩ ሞቃታማዋ አፍሪካ ናት። ወደ ህንድ የተሻገረው እጅግ በጥንት ዘመን በመሆኑና በዚያም ከምግቡም ከመድኃኒቱም ጋር ተዋሕዶ በመኖሩ፣ የአረብ ነጋዴዎች የህንድ ፍሬ አድርገው አወቁት። ወደ ሜክሲኮና ወደ አካባቢው የወሰዱት ደግሞ ስፔናውያን ሲሆኑ፣ ዛሬ ሜክሲኮዎች የራሳቸው መጠጥ አድርገው ይቆጥሩታል። ይህን በአጽንዖት የማነሳበት ምክንያት አለኝ። ብዙ ሰው ሁመርን ከውጭ እንደመጣ ጌጥ ስለሚያየው፣ በገዛ ቆላችን ዘሩ ወድቆ የበቀለውን ዛፍ ለከሰል ሲቆርጥ ቅር አይለውም። ሁመር የአገር ዛፍ ነው፤ በሐረርጌ ቆላ፣ በአፋር፣ በትግራይና በደቡብ ቆላማ ሸለቆዎችም ይገኛል።

ድሬዳዋ ዙሪያ እየበቀለ ሐረር ከተማ ውስጥ ብዙም የማይታየው ለምንድን ነው?

ጉዳዩ የከፍታና የብርድ ነው። ሁመር በአብዛኛው ከባሕር ጠለል እስከ 1,500 ሜትር ባለው ከፍታ ይስማማዋል፤ ውርጭ በተለይ ለጋውን ችግኝ ይገድለዋል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ በጀጎል ገበያዎች የሚሸጠው ሁመር ከቆላ የሚወጣ ነው። ዝናብን በተመለከተ ዛፉ ብዙ አይጠይቅም። በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ባለው ዝናብ ይኖራል፤ እንዲያውም በደንብ እንዲያፈራ ረዘም ያለ የበጋ ወራት ያስፈልገዋል። ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብበት አገር ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ ፍሬው ያን ያህል አይሆንም። ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ፣ አሸዋ በሞላባቸውና ክረምት ብቻ ውኃ በሚያልፍባቸው ወንዞች ዳር ከሌሎች ዛፎች ይልቅ ይጸናል።

ዛፉን በምን መለየት ይቻላል?

ቅጠሉ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተሰለፉ ትንንሽ ቅጠሎች የተሠራ ነው፤ ጥንዶቹ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 18 ይደርሳሉ፤ ሲመሽም ይታጠፋሉ። ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ግራር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሁመር እሾህ የለውም። አበባው ትንሽ፣ ቢጫ ሆኖ ቀይ መስመር የተሰመረበት ነው። ፍሬው እንደ ጣት የረዘመና ጎበጥ ያለ ሲሆን፣ ቡናማ ቅርፊቱ ሲበስል በእጅ ተጭነው የሚሰበሩት ይሆናል፤ በውስጡ የሚያጣብቅ ሥጋ፣ ሥጋውን የሚያያይዝ ጅማትና የሚያብረቀርቁ ጠንካራ ዘሮች ይገኛሉ። ዕድሜ ያገኘ ዛፍ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይረዝማል፣ ጥላውም ሰፊ ነው።

ሌላው ፍሬ ሲበስል ይጣፍጣል፤ ሁመር ግን በስሎም የሚኮመጥጠው ለምንድን ነው?

ስለ ሁመር ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ለእኔ ቁልፉ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በማጀትም፣ በሕክምናም፣ በዕቃ ማጽዳትም የሚሰጠው ጥቅም ከዚሁ ኮምጣጣነት ጋር የተያያዘ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ዋናው አሲድ ታርታሪክ አሲድ ይባላል፤ በወይን ውስጥ የሚገኘውም እሱው ነው። በብዙ ፍራፍሬዎች አሲዱ ፍሬው ሲበስል እየቀነሰ ይሄዳል። የሁመር ታርታሪክ አሲድ ግን ፍሬው ሲበስልም አይጠፋም፤ ከሥጋው ክብደት አሥር በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ይቆያል። በሌላ በኩል ስኳሩ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ የበሰለ ሁመር በአንድ ጊዜ በጣም ኮምጣጣም በጣም ጣፋጭም ነው። ምላስ የሚሰማው ኮምጣጣነቱን ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በውስጡ ያለውን ስኳር አይገምትም። እንደየዓይነቱና እንደ ድርቀቱ ከሥጋው ሲሶው እስከ ግማሹ ስኳር ነው፤ 100 ግራም ሥጋ 239 ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ኮምጣጣ ስለሆነ አይጎዳኝም» ብሎ እንዳይዘናጋ ይህን ማወቅ ይኖርበታል። ኮምጣጣ ነው ተብሎ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ አድርጎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ ቫይታሚኑ በ100 ግራም ከ4 ሚሊ ግራም አይበልጥም። በምትኩ የፖታሲየምና የማግኒዚየም መጠኑ ከፍ ያለ ነው።

የሁመርን መጠጥ ቤት ውስጥ በትክክል የሚያዘጋጁት እንዴት ነው?

ከቅርፊቱ የተላቀቀ፣ ዘሩ ያልወጣለት 250 ግራም ያህል ሁመር ይወሰድና ጅማቱ ተለቅሞ፣ አቧራውን ለማስለቀቅ በፍጥነት ታጥቦ፣ በአንድ ሊትር ተኩል ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፋል። ለአንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ሌሊቱን ቢያድር ደግሞ ይበልጥ ይለቅቃል። ከዚያም በታጠበ እጅ እየታሸ ሥጋው ከዘሩ እንዲላቀቅ ይደረጋል። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስሕተት በኃይል መጭመቅና በጁስ መፍጫ ከነዘሩ መፍጨት ነው፤ የዘሩ ቆዳ ሲሰበር መጠጡን እንደ ጠንካራ ሻይ የሚያጨማድድ ጣዕም ይሰጠዋል። በወንፊት ከተጣራ በኋላ ስኳር እንደ ፍላጎት ይጨመርና ይቀዘቅዛል። ዝንጅብል ጣል የሚያደርጉም አሉ። ሎሚ መጨመር ግን የሁመሩን የራሱን ጣዕም ይሸፍናል ባይ ነኝ።

ንጽሕናው የሚዘለል ጉዳይ አይደለም። የሁመር ኮምጣጣነት ተሕዋስያንን ሁሉ ይገድላል ብሎ ማመን አደገኛ ነው፤ ባልፈላ ውኃ የተዘፈዘፈ ወይም ምንጩ ባልታወቀ በረዶ የቀዘቀዘ ሁመር ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። በተለይ በረመዳን ለአፍጥር በብዛት ሲዘጋጅ፣ በማለዳ ተሠርቶ እስከ ምሽት ሙቀት ላይ ከሚቆይ ይልቅ፣ ወፍራሙን ጭማቂ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ሰዓቱ ሲደርስ በንጹሕ ውኃ ማቅጠን ይመረጣል።

ከመጠጥ ሌላ ለምን ምግብ ይሆናል?

ኮምጣጤ፣ ሎሚ ወይም ቲማቲም በሚገባበት ቦታ ሁሉ ሊገባ ይችላል። ወፍራም ጭማቂው ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ተፈጭቶ ለሳምቡሳ ማጥቀሻ ይሆናል። ምስር ወጥ ሊወጣ ሲል አንድ ማንኪያ ቢጨመርበት ጣዕሙን ያነቃዋል፤ ቀድሞ ከገባ ግን አሲዱ እህሉ እንዳይበስል ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ምስሩ ከበሰለ በኋላ ብቻ ይጨመር። ሥጋና ዓሣ ከመጠበሳቸው በፊት ቢለወሱበት ይለሰልሳሉ። በደቡብ ህንድ ሳምባር የሚባለው የምስር ሾርባ ያለ ሁመር አይታሰብም፤ የእንግሊዞች ዉስተርሻየር ሶስም ሁመር ይገባበታል፤ ሱዳኖች ደግሞ ዐረዴብ ብለው ይጠጡታል። እኛ ዘንድ ከመጠጥ ያለፈ አገልግሎቱ ገና አልሰፋም፤ በእኔ እምነት የድሬዳዋና የሐረር ምግብ ቤቶች ብዙ ሊሠሩበት የሚችሉት ጣዕም ነው።

በአሉሚኒየም ድስት ማፍላትና ማስቀመጥ ይጎዳል?

ማስቀመጡ አይመከርም። አሲዱ አሉሚኒየሙን፣ መዳቡንና የዛገ ብረትን እየሸረሸረ ወደ ምግቡ ይጨምራል። ከዚህ የከፋው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ጉዳይ ነው፤ እርሳስ ባለበት ቀለም በተለበጡ የሸክላ ዕቃዎች የተቀመጠ የሜክሲኮ የሁመር ከረሜላ ሕፃናትን በእርሳስ እንደመረዘ በአሜሪካ በሰፊው ተመዝግቧል። ስለዚህ ብርጭቆ፣ የማይዝግ ብረት ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይጠቀሙ።

ሲገዙ ምን ማየት፣ ገዝተውስ እንዴት ማቆየት ይገባል?

በድሬዳዋው የቀፊራ ገበያም ሆነ በሌላ ገበያ ሲገዙ ሥጋው ሲነካ የሚለጠጥ፣ መዓዛው የደረቀ ፍራፍሬ የሚመስል ይሁን። ቀለሙ ቡናማ መሆኑ የተበላሸ አያሰኘውም፤ ሲቆይ በተፈጥሮው እየጠቆረ ይሄዳል። የሻገተ፣ የመፍላት ሽታ ያለው ወይም በዘሩ ላይ ቀዳዳ የሚታይበትን ግን ይተዉ። ከነቅርፊቱ የተገዛ ከሆነ በደረቅና ነፋሻ ቦታ ለብዙ ሳምንታት ይቆያል፤ የተላጠው ደግሞ ተጠቅጥቆ አየር በማያስገባ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለወራት ይቆያል።

አንድ ነገር ለባቢሌና ለአካባቢው ገበሬዎችና ነጋዴዎች ልጨምር። ሳይንሳዊ ስሙ ካሪዶን ሴራተስ የተባለው ነቀዝ በሁመር ፍሬ ውስጥ ይራባል፤ ያው ነቀዝ የኦቾሎኒ ዋና ጠላትም ነው። ስለዚህ የሁመር ጆንያና የኦቾሎኒ ጆንያ በአንድ መጋዘን ጎን ለጎን መቀመጥ የለባቸውም።

ለሆድ ድርቀት ይረዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከሕክምና ጥቅሞቹ ሁሉ በዘመናት ልማድ የጸናውም ይህ ነው። አሲዶቹና ፖታሲየም ያለባቸው ጨዎቹ ውኃን ወደ አንጀት ስለሚስቡ ሆድን በለዘብታ ያላላሉ፤ በቀድሞ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍትም በዚሁ አገልግሎት መዝግበውታል። ለጤናማ ሰው አንድ ብርጭቆ ወፈር ያለ ሁመር ማታ መጠጣት ይበቃል። በተቃራኒው ተቅማጥ የያዘው ሰው ሊጠጣው አይገባም። የሆድ ድርቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከባድ ሕመም ካለው ወይም ደም ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ መጠኑን መጨመር መፍትሔ አይሆንም።

ትኩሳትን፣ ወባን፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ያድናል?

ትኩሳት ለያዘው ሰው ቀዝቃዛ ሁመር መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ፈሳሽም ስለሚተካ ለበሽተኛው ምቾት ይሰጣል። ነገር ግን ወባን አያድንም። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 የታየው የወባ ወረርሽኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ከምትራባው ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ወባ የገጠር በሽታ ብቻ ነው ብሎ ትኩሳቱን በሁመር ለማብረድ የሚሞክር የከተማ ሰው ስላለ ነው፤ ትኩሳት ያለው ሰው በመጀመሪያ ደም ይመርመር። ስኳርንና ኮሌስትሮልን ይቀንሳል የሚሉት ጥናቶች በአብዛኛው በአይጦች ላይ የተደረጉ በመሆናቸው፣ በእነሱ ተመርኩዞ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል?

አዎን። በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሁመር ከአስፕሪን ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲወሰድ፣ ወደ ደም የሚገባው የመድኃኒቱ መጠን መጨመሩ ታይቷል። ራስ ምታት ይዞት ክኒኑን በሁመር የሚያወራርድ ሰው ሳያውቀው ከፍ ያለ መጠን ወሰደ ማለት ነው። ክኒን በውኃ ይዋጥ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ እንዲሁም ፖታሲየም እንዲቀንሱ የታዘዙ የኩላሊት ሕሙማን ሁመርን ከማዘውተራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። የጨጓራ ቃር ያለበትንም ያባብስበታል።

ፍሎራይድን ከሰውነት ያስወጣል ሲባል ሰምተናል፤ እውነት ነው?

ተስፋ ሰጪ ፍንጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ የህንድ ጥናት፣ በቀን 10 ግራም ሁመር ለ18 ቀናት የተሰጣቸው ተማሪዎች በሽንታቸው የሚወጣው ፍሎራይድ ጨምሯል። የጉድጓድ ውኃቸው ፍሎራይድ በዝቶበት ጥርሳቸው ለሚበልዘው የስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች ይህ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ጥናቱ ግን በጥቂት ልጆች ላይ የተደረገ ነው፤ ዋናው መፍትሔ አሁንም የተጣራ ውኃ ማቅረብ ነው።

ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይሰጣል?

በምግብና በመጠጥ መጠን ለነፍሰ ጡር አይከለከልም፤ እንዲያውም ማቅለሽለሽ ሲበረታ ብዙ እናቶች ይመርጡታል። ለመድኃኒት ተብሎ በብዛት መውሰድ ግን ይቅር። ለትንንሽ ልጆች ከነዘሩ አይሰጥ፤ ዘሩ ሙልጭልጭና ጠንካራ ስለሆነ ያንቃል። ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን ምክር ደግሞ አለ፤ አሲዱ የጥርስን ሽፋን ስለሚሸረሽር፣ ከጠጡ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥና ጥርስን ወዲያው አለመፋቅ ነው።

ዘሩ ይጣላል?

በእኛ አገር በአብዛኛው ይጣላል፤ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። ዘሩ ተቆልቶ ቆዳው ከተላጠ በኋላ ውስጡ ሲፈጭ፣ ዛይሎግሉካን የሚባል ውኃ የሚይዝና የሚያወፍር ንጥረ ነገር የሞላበት ዱቄት ይሆናል። ህንድ ውስጥ ይህ ዱቄት የጥጥና የጁት (የጆንያ ቃጫ) ድር በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ ለማጠንከር በፋብሪካ ደረጃ ያገለግላል፤ ለምግብ ማወፈሪያም ይሆናል። ተጣርቶ ለደረቀ ዓይን በሚሰጥ ጠብታ ውስጥም ይገባል፤ ይህ ግን በመድኃኒት ፋብሪካ የሚሠራ ስለሆነ ማንም ቤት ውስጥ አዘጋጅቶ ዓይኑ ላይ እንዳያደርግ። ጨርቃ ጨርቅ የከተማዋ መታወቂያ በሆነባት በድሬዳዋ፣ በየጁስ ቤቱ የሚጣለውን ዘር ሰብስቦ ዱቄቱን ለመሞከር ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ነሐስና መዳብ ያጸዳል?

ያጸዳል። ከጨው ጋር የተለወሰ የሁመር ሥጋ ሲታሽበት አሲዱ ጥቁሩን ዝገት ያሟሟዋል። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆይና በደንብ ታጥቦ ይድረቅ። በወርቅ ወይም በብር ለተለበጠ ዕቃ ግን አይጠቀሙበት።

እንጨቱስ?

የመሐል እንጨቱ ጥቁር ቡናማ፣ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ሙቀጫ፣ ዘነዘናና የመጥረቢያ እጀታ ይሆናል። ከሰሉም ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ጉዳቱ የመጣውም ከዚህ ነው። ሁመር ቀስ ብሎ የሚያድግና ከመቶ ዓመት በላይ የሚኖር ዛፍ ነው። ዛሬ 150 ዓመት የሞላው ሁመር ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ ጎልማሳ ዛፍ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዛፍ ለጥቂት ጆንያ ከሰል መቁረጥ፣ በየዓመቱ የሚሸጥ ፍሬ የሚሰጥ ሀብትን በአንድ ቀን መጨረስ ነው።

ከዘር እንዴት ይበቅላል?

ከጣፋጭና ብዙ ከሚያፈራ ዛፍ የተወሰደ ጤናማ ዘር ታጥቦ ለአንድ ቀንና ሌሊት በውኃ ይዘፈዘፍ፤ ቆዳውን በአንድ በኩል በአሸዋ ወረቀት ፋቅ ማድረግ ብቅለቱን ያፋጥነዋል። ከዚያም ሁለት ሴንቲ ሜትር ጠልቆ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር በረጅም የፕላስቲክ ከረጢት ይዘራል። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት መብቀል ይጀምራል፤ የዘገየው እስከ አንድ ወር ይጠበቅ። ዋና ሥሩ ቶሎ ስለሚረዝም ከረጢቱ አጭር ከሆነ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ብዙ ችግኝ ከተተከለ በኋላ የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። በጥር ወይም በየካቲት የተዘራው በሐምሌ ዝናብ ለመተከል ይደርሳል። ጉድጓዱ ከማናቸውም ግድግዳና ከሌላ ዛፍ ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቅ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ እንዳይጓደልበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ይታጠር። ሁመር የባቄላ ዘመድ ቢሆንም እንደ ባቄላ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ስለማይሰጥ፣ ፍግ ያስፈልገዋል።

መቼ ያፈራል፣ ፍሬውስ እንዴት ይለቀማል?

ከዘር የበቀለው በሰባተኛው ዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምራል፤ በደረቅ ቦታ ሊዘገይም ይችላል። ካፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስዶ በችግኝ ላይ የተዳቀለው ግን በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይደርሳል። በሚገባ የተያዘ ጎልማሳ ዛፍ በዓመት ከ150 ኪሎ ግራም በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱ ዓመት በዝቶ ቀጣዩ ማነሱም የተለመደ ነው። ፍሬው መብሰሉ የሚታወቀው ሥጋው ከቅርፊቱ ሲሸሽና ቅርፊቱ በጥፍር ሲመታ ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ነው። በረጅም ዱላ መደብደብ የሚቀጥለውን ዓመት ፍሬ የሚሸከሙትን ለጋ ቅርንጫፎች ይሰብራል። ከዛፉ ሥር ንጹሕ ሸራ ተዘርግቶ ቅርንጫፎቹ በእጅ ይነቅነቁ፤ የበሰለው ይወርዳል፣ ያልበሰለውም ለሌላ ቀን ይቆይ።